ድምፃችንን የመለሱልን ሴት

ዶክተር ዘምዘም መሞታቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ኦክላንድ አጠገብ አላሜዳ ባለው የአረጋውያን ማረፊያ ለአንዲት አሮጊት ምሳዋን እያጎረስኩ ጓደኛዬ ሐያት ደወለች። «ኢና ሊላሂ… ሰዓዳ፣ ዶክተር እኮ…» ብላ ቀሪውን መናገር አቃታት። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። አሮጊቷ አፏን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበርና መልሼ አነሳሁት። ሞት መጣ ተብሎ የራበው ሰው አይተው ነገር። ሺፍቴን እንዴት እንደጨረስኩ ግን አላህ ይወቀው።

በማግስቱ፣ ገና ለቅሶው ሳይበርድ፣ ሌላ ስልክ መጣ። የወጣት ድምፅ ነው። የእኛው ልጅ፣ ሳን ሆዜ ያደገ፣ ወሬው ሁሉ ግማሽ እንግሊዝኛ። «አንቲ ሰዓዳ? ስለ ዶክተር ዘምዘም በጣም ሶሪ። ከጥናት ማዕከሉ ነው የምደውለው። በስማቸው አርካይቭ ልንከፍት ነው፣ ለሜሞሪያቸው። እ… ያ ካሴት አሁንም እርስዎ ጋ አለ? የሌሎቹን ሴቶች ስምስ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

ደሜ ፈላ። ማዕከሉ ማለት እኮ እሳቸውን ያባረረው ማዕከል ነው! በሕይወት ሳሉ ያልሰጡትን አሁን አፈሩ ሳይደርቅ ሊለቅም መጣ። ጥርሴን ነክሼ «ከሰዎቹ ጋር ተነጋግሬ እነግርሃለሁ» አልኩት፤ ልጁማ ምን አጠፋ፣ የተላከ ነው።

ዶክተርን ለማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። አጭር፣ ቀጭን፣ የደሴ ሴት ነበሩ። ሻርፓቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ነው የሚገኘው። እግራቸው ላይ የወንድ የሚመስል ስኒከር አይጠፋም። ሰው ሲያጋንን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ያዩታል፣ ቴሌስኮፕ ላይ እንደሚያደርጉት። ምንም አይናገሩም። ታክሲ ነጂው ሁሴን ስለ ዝነኛ ተሳፋሪዎቹ ማውራት ሲጀምር ያ ዓይን ከተጨፈነ አለቀለት፣ ወሬውን ወደ አየር ፀባይ ያዞራል።

መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ጉልበቱንና ወገቡን ይዞ ነበር የሄደባቸው። ዶክተር ተብሏላ! «እናቴ፣ እኔ የሰማይ ዶክተር ነኝ» ሲሏቸው አንዷ እናት «በይ እንግዲያው ኮከቤን ቁጠሪልኝ» አሏቸው። እሱንም አልችልም ብለው አሳዘኗቸው። «ታዲያ ምኑን ተማረችው?» እየተባለ ስንት ወር ተሳቀ።

የተማሩትማ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ፊዚክስ፣ እዚህ መጥተው ሥነ ፈለክ። ከዚያ ግጥም መሰብሰብ ጀመሩ፣ የወሎ ሴቶች በየጓዳው የሚሉትን። ከዚያ ሰው ደግና ክፉውን በምን እንደሚለይ የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎች ጋር ገቡ። ያ ሳይበቃ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ፕራይቬሲ መጻፍ አመጡ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ዶክተር፣ ሁለት ባላ ትከል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ግን ጫካ ተከሉ» አልኳቸው።

ሳቁ። «አራት ነገር አይደለም ሰዓዳ፣ አንድ ነው። የሚታይ ነገርና የሚያይ ዓይን። ኮከብ ብታዪው አያፍርም፣ ባታዪውም አይባልግም። ሰው ግን ሲያዩት ሌላ፣ ሳያዩት ሌላ። እኔ ይኼን ነው ዕድሜዬን ሙሉ የምጠይቀው።» ይሉኝታ ላይ ነበር ሪሰርቻቸው። ይሉኝታን ለፈረንጅ ማስረዳት ምን ያህል አበሳ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ሥራቸውን በዓይኔ ያየሁት በረመዳን መጨረሻ ነው። የጨረቃ ነገር ኦክላንድ ላይ በየዓመቱ ያጣላናል። ገሚሱ ሳዑዲ ታየች ካሉ በቃ ይላል፣ ገሚሱ በዓይናችን ካላየን ብሎ አላሜዳ የባሕሩ ዳር ወርዶ ወደ ምዕራብ ያፈጣል። በዚያ ላይ ጉሙ! ያን ምሽት ሰው በጉጉት ተሰብስቦ ሳለ አንዱ «አየኋት!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሌላው «እኔም!»፣ ሌላው «እዚያ፣ እዚያ ጋ!» ተክቢራው ቀለጠ። ዶክተር ቴሌስኮፓቸው አጠገብ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ሼህ ኢድሪስ» አሉ፤ ሼሁ መስጊዳችንን የሚመሩት ሽማግሌ ናቸው። «ዛሬ ጨረቃ ከፀሐይ ቀድማ ገብታለች። ቤቷ የሌለችን ሴት በመስኮት አየናት እንዴት እንላለን?»

ሰዉ ተንጫጫ። ሴት ምን አገባት ያለም አልጠፋ። ዶክተር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አየሁ ያለ ሁሉ አንድ በአንድ እኔ ጋ ይምጣ» አሉና የመኪና ማቆሚያው ጫፍ ሄደው ቆሙ። ሼሁም «መጠየቁ ሱንና ነው፣ ሂዱ» አሉ። አየሁ ያሉት እየሄዱ፣ ዶክተር ለየብቻ አነጋገሯቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ቀንዷ ወዴት ዞሮ ነበር? ሲጨርሱ ተመልሰው መጡና «አልታየችም፣ ነገ ጾም ነው» አሉ።

«ማነው አላየሁም ያለው?» አሉ ሼሁ።

«እሱን አልነግርዎትም፣ አባ። የነገሩኝ ለብቻቸው ነው።»

«እኔ ኢማም ነኝ እኮ!»

«እኔ ደግሞ የሰማሁት ነኝ።»

ማን ምን እንዳለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሼህ ኢድሪስ ለጊዜው ተቀየሙ፤ በዓመቱ ግን ራሳቸው ደውለው «ልጄ፣ መነጽርሽን ይዘሽ ነይ፣ ስትነሺ ኮል አድርጊልኝ» አሏቸው።

እኛንም በዚያው መንገድ ነው የጠየቁን። ሴት የልቧን የምታወራበት ቦታ የለም በዚህ አገር። አፓርታማው ግድግዳው ወረቀት ነው፣ ቤቱ ልጅና ዘመድ ሞልቶታል፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጆሮ ነው። ስለዚህ ግራጫዋን ኮሮላቸውን ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ፓርክ ያደርጋሉ፣ በብሬካችን ወጥተን ጎናቸው እንቀመጣለን። መጀመሪያ «ስልክሽን ኋላ ክተቺው፣ እሱም ጆሮ አለው» ይላሉ። ያኔ እንስቅባቸው ነበር። ሐያትማ «ዶክተር ትንሽ ነክቷቸዋል» ብላ ነበር። ዛሬ ስለ ፍራሽ አውርተን ስንጨርስ ስልካችን የፍራሽ ማስታወቂያ ሲያመጣ ማን እንደነካው ይኸው ታየ!

ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። ሰው ፊት ብለሽው የማታውቂውን ግጥም በዪ። ከዚያ ማንም ሳያይሽ ያደረግሽውን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ክፉም ይሁን ደግ። የሚገርመው ክፉውን ማውራት ቀላል ነበር። አንደበታችንን ያሰረው ደጉ ነው። አንድ ሴትዮ ያደረጉትን ደግ ነገር ከመናገር ብለው መኪናውን ከፍተው ሊወርዱ እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ድምፃችንን የሚቀዱት በካሴት ነው። ዓለም ሁሉ በኮምፒውተር ሲቀዳ እሳቸው በካሴት! «ካሴት እግር የለውም፣ ካስቀመጥሽው ቦታ አይሄድም» ይላሉ። ለአንድ ሰው አንድ ካሴት፣ ቅጂ የለውም፣ ስምም አይጻፍበትም። በስማችን ፈንታ የኮከብ ስም ሰጡን። እኔ ሱሃ ነኝ። ሱሃ ደብዛዛ ናት፣ የድሮ ዓረቦች የዓይን ብርታት የሚፈትኑባት። «አንቺን የሚያይ ዓይኑ ጤነኛ ነው» አሉኝ፤ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። እኔ ምን እንዳልኩ ለመስማት የምትጠብቁ ካላችሁ ግን አትድከሙ።

ችግሩ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ሥራውን በገንዘብ የሚደግፈው ሳን ሆዜ ያለው ማዕከል አዲስ ሸሪክ አገኘ፤ ማሽን ሰው ሲናገር እንዲሰማ የሚያስተምር ኩባንያ ነው አሉ። ካሴቶቹን በሙሉ አምጡ ተባለ። ዶክተር ለሚቲንግ ሲጠሩ «አንቺም ነይ፣ ስለ ሰፈራችን ታስረጃቸዋለሽ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። መስታወት በመስታወት የሆነ ክፍል፣ ሁሉም ከውጭ ይታያል። ዳይሬክተሩ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው።

«ቋንቋችሁ ኢንተርኔት ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ይኼ ለእናንተ ጥቅም ነው» አለ።

«እውነት ብለሃል» አሉ ዶክተር። «እኔን ቅዳኝ። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ አወራልሃለሁ፣ ግጥምም እጨምርልሃለሁ። የነሱ ግን የኔ አይደለም።»

«ስም የለበትም እኮ። ማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም።»

ዶክተር ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሿን ቴፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይኼን ሰላምታ አስፈቅጄ ነው የቀዳሁት። ስም አለበት?» ብለው ከፈቱት። አንዲት ሴት «እንደምን ከረማችሁ፣ ሁላችሁም ሰላም ናችሁ?» ብላ ታበቃለች።

እኔ ሞኝ! ምን እየተሠራ እንደሆነ መቼ ገባኝ። «ውይ፣ ሐያት! ምነው ድምፅሽ፣ ጉንፋን ይዞሻል'ንዴ?» አልኩ ቴፑን። ዶክተር «የትኛዋ ሐያት?» አሉኝ። «የካምቤሏ ናታ፣ ፋርማሲ የምትሠራው! የከሚሴዋ! እህቷን በቅርቡ የዳረችው፣ ያ ከባሏ ወንድም ጋር በቤት ጉዳይ…» እያልኩ ስለጥጠው ዶክተር እጃቸውን አነሱ። «በቃ ሰዓዳ። ያልሽውን በእንግሊዝኛ ንገሪው።»

ስተረጉምለት ነው የገባኝ። እኔ ለክፋት ሳይሆን በናፍቆት ብቻ ከአንድ ሰላምታ ይኼን ሁሉ ከዘረገፍኩ፣ የኔን የመኪና ወሬ የሚሰማ ሰውስ? ከዚህ እስከ ሲያትል ስንት ሰዓዳ አለ! ያቺ በሰው ስም አገር የገባችው፣ ያቺ ልጇን ከባሏ የደበቀችው፣ ሁሉም የዶክተር መኪና ውስጥ ገብተዋል። ይኼን አሁን የማወራው በየከተማው እንዲህ ያለች ሴት ስለማትጠፋ ነው፤ ማን እንደሆነች ግን ከኔ አትሰሙም።

«እኛ ሰፈር ድምፅ ስም ነው» አሉ ዶክተር።

ዳይሬክተሩ ፈገግታው ትንሽ ሰበር አለ። አዝናለሁ አለ። ኮንትራቱ ላይ ግን ዳታው የማዕከሉ ነው አለ። ካላስረከቡ ሥራቸውም፣ ስንት ዓመት የለፉበት መጽሐፍም አብሮ እንደሚቀር በትሕትና አስረዳ። ዶክተር ሻርፓቸውን አቃኑ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ሲያቃኑት ያየሁት፣ እና በአማርኛ እንዲህ አሉት፦

«ሰማይ ደጅ የለውም፣ ያሻው ይመልከተው፤
የሰው ልብ በር አለው፣ ካልከፈተ ተወው።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ባጭሩ ኖ ነው ያሉት» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ቀን አላባከኑም። ኮሮላዋ እንደገና ቴሌግራፍ ላይ ቆመች። አንድ በአንድ ጠሩን። እኔ ስገባ ስልኬን ሳይሉኝ ኋላ ከተትኩት። ካሴቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «አደራሽን ተቀበይኝ» አሉ።

«መጽሐፉስ?»

«ይቅር።»

«ዶክተር፣ ያን ሁሉ ዓመት! ትንሽ ቢደራደሩስ?» እንባዬ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ የሞተ አለ? ስሚ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶቻችን። የሰማዩን ርቀት ለክቼዋለሁ፣ ቁጥር አለው። የአደራን ጥብቅነት ግን የለካ የለም። እንግዲህ እኔ ነኝ የምፈታው?» ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝ። «ደግሞስ መደራደር የሚቻለው በራስ ዕቃ ነው። ዕቃው ያንቺ ነው።»

አባረሯቸው። ዳታ አጠፉ ተብሎ ተጻፈባቸው። «አላጠፋሁም፣ ለባለቤቱ መለስኩ» ብለው ጮኹ፣ የሰማ የለም። ወዳጅ የተባሉ ምሁራን ስልክ ማንሳት አቆሙ። ከኛም ሰፈር «ጅል ናት፣ ዝም ብትል ዛሬ ፕሮፌሰር ነበረች» ያለ ብዙ ነው። ይበሉ! እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ስንት ፕሮፌሰር አይቻለሁ፣ የሰው አደራ ይዞ ጎንበስ ያላለ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ቤት የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ። ኦክላንድ ኮሌጅ ውስጥ በሰዓት እየተከፈላቸው ያስተምሩ ነበር። ሲመሻሽ ቴሌስኮፓቸውን ቴሌግራፍ የእግረኛ መንገድ ላይ ይተክላሉ፤ ሰካራሙም፣ ቤት የሌለውም፣ ከመስጊድ የሚመለሰውም፣ የጴንጤዎቹ ኳየርም ተሰልፎ የሳተርንን ቀለበት ያያል። አንዴ ፖሊስ መጥቶ ፈቃድ አለዎት ወይ አላቸው። «መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ትጠይቀኛለህ» አሉት። አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል የመጣበትን ረስቶት ለባልደረባው «ና እይ» ብሎ ጠራው። የሰማይን ነገር ለማንም አይከለክሉም። የሰውን ነገር ግን ለማንም አይሰጡም።

እንግዲህ ያ ልጅ የደወለልኝ እኚህን ሴት ለማክበር ነው። ለቅሶው ላይ ካሴት የነበረን ሴቶች አንድ ጥግ ተሰብስበን ሳለ ነገሩን አነሳሁት። አንዷ «ስማቸው ይነሳ ከሆነማ…» ብላ ዝም አለች። ሌላዋ «አይ፣ እንዴት ሆኖ…» ብላ እሷም አቆመች። ከዚያ ሁሉም እርስ በርስ መተያየት ጀመረ። እሺ ያለች ዶክተርን የካደች እንዳትመስል ፈራች፤ እምቢ ያለች ደግሞ ምን ደብቃ ነው እንዳትባል። ይሉኝታ ማለት ይኸው ነው። ዶክተር ቢኖሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩን ነበር።

ብድግ አልኩ። «አንድ በአንድ መኪናዬ ድረስ ኑ። ስልካችሁን ኋላ ትከታላችሁ።»

ሐያት በእንባዋ መሃል ሳቀች። መጡ። እያንዳንዷን ለብቻዋ አነጋገርኩ፣ የልጁን ቁጥር ሰጠሁ፣ «መስጠት ከፈለግሽ ራስሽ ደውይለት፤ ካልፈለግሽ ቁጥሩን ጣዪው። እኔ ማንንም አልጠይቅም» አልኩ። የመለሱልኝን እኔው ጋ አስቀርቻለሁ።

ከረመዳን በኋላ ልጁ እንደገና ደወለ።

«አንቲ፣ ማንም ኮል አላደረገልኝም።»

«እንግዲያው መልስህን አግኝተሃል።»

«አይ ሚን፣ ስማቸውን ብቻ ቢሰጡኝ እኔ አስረዳቸዋለሁ። ቢያንስ ስንቶቹ እምቢ እንዳሉ…»

«እሱን አልነግርህም፣ ልጄ። የነገሩኝ ለብቻቸው ነው።»

ለስለስ ባለ ድምፅ «ለሳቸው ክብር እኮ ነው፣ አንቲ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጁ ከልቡ ነበር።

«ክብራቸውን ከፈለጋችሁማ ካሴት ምን ያደርግላችኋል? ያባረርናቸው በስህተት ነው፣ ዳታ አላጠፉም፣ አደራ ነው የመለሱት ብላችሁ ጻፉ። እዚያው አርካይቭ የምትሉት ላይ፣ በትልቁ፣ ማንም በሚያየው ቦታ። እሱን የጻፋችሁ ቀን ደውልልኝ፤ የኔን ካሴት ይዤ ሳን ሆዜ ድረስ እመጣለሁ፣ እኔ ራሴ ፊታችሁ ቁጭ ብዬ እከፍተዋለሁ። የኔ ነዋ!»

«እ… ቦሴን እጠይቃለሁ» አለኝ።

«ጠይቅ። ቁጥሬ አይቀየርም።»

ይኸው እስካሁን አልደወለም። ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ከፍቼ ነው የምይዘው።